ቆርኬና የአዳኙ ዕዳ

ከሆሳዕናና ከዱራሜ በስተምሥራቅ፥ ከሐላባ ማዶ፥ ሰንቀሌ የሚባል ሜዳ አለ፤ በዚያም የስዌይን ቆርኬ የተባለው የዱር እንስሳ ይኖራል። ይህ ቆርኬ ቀድሞ በሶማሌ ሜዳ ሳይቀር በመቶ በመቶ እየሆነ ይሰማራ ነበር። ነገር ግን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከብት የፈጀው የደስታ በሽታና የአዳኝ ጠመንጃ አሳነሱት፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም አይገኝም።

አያቱ ያደነውን የልጅ ልጁ ቢያድን ስለ ምን ይነቀፋል? ረኃቡ ያው ረኃብ፥ ሥጋውም ያው ሥጋ አይደለምን? ቢሉ፥ አያቱ የቀዳው ከወንዝ ነበር፤ የልጅ ልጁ የሚቀዳው ግን ከእንስራ ነው። ከእንስራ የሚቀዳ ሰው ለሌላው የሚቀረውን ማየት ይገባዋል። ሥራው አንድ ሲሆን በደሉ አንድ አይደለምና።

ዳሩ ግን ዕዳው በአዳኙ ላይ ብቻ አይወድቅም። ሜዳው በ1960ዎቹ ተከለለ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ጥበቃው ላልቶ ብዙ ቆርኬ ተገደለ። ዘበኛ ብቻ የጠበቀው ነገር ዘበኛው በሄደ ቀን ይጠፋል። ግጦሽ የተከለከለ ባለከብት ቆርኬውን እንደ ባላጋራ ያየዋልና፥ «ተው» የሚል ሰው የሚተወውን ሰው ችግር አብሮ ሊሸከም ይገባዋል። ያለዚያ ትእዛዙ የጠገበ ለተራበ የሚሰጠው ምክር ይሆናል።