የሰው ልጅ ትምህርት ቤት

ባለፈው እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ስለ ውሃው ሮቶ፣ ስለ ጥበቃዎቹ ደመወዝና ስለ መኪና ማቆሚያው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሟገትን። ልንበተን ስንል አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች። እዚህ ሰፈር ከስምንተኛ በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሌለ በሁለት ታክሲ ነው የምትሄደው። ሁለተኛ ደረጃ ይሠራልን ብለን ለወረዳው ማመልከቻ ብንፈርምስ?» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሰዓቴን አየሁ። የእኔ ልጅ የሚማረው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ጠዋት ሰርቪሱ ከበር ይወስደዋል። «መንግሥት ያስብበታል» ብዬ ሳልፈርም ወጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት እንግዳ ልቀበል ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስወጣ፣ እኚያ እናት ልጃቸውን ይዘው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን አቅፋ፣ ቆማ ታንቀላፋለች። በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ነው። አራት ዓመት እንዲህ ልትቆም ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም፤ ስለ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት እኔ ምን አገባኝ?

«አያገባህም» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ግብር እከፍላለሁ። ለልጄም ከኪሴ እከፍላለሁ። ትምህርት ቤት መሥራት የመንግሥት ድርሻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለግብኛል?

ግን እስቲ ዕድራችንን እንይ። «እኔ ቤት ሰው ሞቶ አያውቅምና ለድንኳኑ አልከፍልም» የሚል ጎረቤት አለ? የለም። እንዲያውም ድንኳኑ እኛ ደጅ ሳይተከል ብንኖር ደስታችን ነው፤ መክፈላችንን ግን አናቋርጥም። ለሞት እንዲህ የተግባባን ሰዎች፣ ለትምህርት ሲሆን «የየራስህን ልጅ ቻል» መባባልን ከየት አመጣነው?

እኔ በተማርኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሹሙም የዘበኛውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ጣሪያው ሲያፈስ የሹሙም ልጅ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሹሙ አቤት ይላል፣ ጣሪያው ይጠገናል። ዛሬ ማመልከቻ መጻፍ የምንችለው፣ ቢሮውንም ኃላፊውንም የምናውቀው ሰዎች ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። ድምፃችንንም አብረን ይዘን ወጣን። የቀሩት ታክሲ የሚጠብቁት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለአቤቱታ ጊዜ የላቸውም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ስለ ትውልዱ አለቀስን። ሕንፃ ብቻውን አያስተምርም፤ እውነት ነው። ግን ሳይነጋ ተነሥቶ ሲመሽ የሚገባ ልጅ መቼ እንደሚያጠና ስንቶቻችን ጠየቅን?

ትናንት ማታ የእኚያን እናት በር አንኳኩቼ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ዘጠኝ ፊርማ አለበት። ዘጠኙም ልጆቻቸው ታክሲ የሚጠብቁ ናቸው። ዐሥረኛው እኔ ሆንኩ።

ከሌሎቻችሁ ጋር በሚቀጥለው እሑድ፣ ለመኪና ማቆሚያው ስንሰበሰብ እንገናኛለን። ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።