ስለ ነገ የሚናገር ሰው ዕዳ

«ነገ በረዶ ይጥላል» ብሎ የተናገረ ሰው፣ በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ብትወጣ ዋሽቷልን? «ጥቂት ነው፣ አያሰጋም» ብሎ ሕዝቡን ያረጋጋውስ፣ መንገዱ በአንድ ቀን ተዘግቶ ሰው ቢጉላላ በደለኛ ነውን? ጥያቄው ለጊዜው ከእኛ ኑሮ የራቀ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ስለ ነገ አንዳች ሳይናገር የሚውል ሰው የለም። ሐኪም ለበሽተኛው ቤተሰብ፣ አባት ለልጆቹ፣ ነጋዴ ለደንበኛው፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ለተማሪዎቹ ገና ስላልሆነው ነገር ይናገራሉ። የበረዶን ትንበያ መነሻ አድርገን የመረጥነውም፣ በእርሱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር የሁላችንንም አንደበት የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

በቋንቋችን «በረዶ» የሚለው ቃል ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውን ጠጠር መሰል በረዶም፣ በብርድ አገር እንደ ጥጥ እየረገፈ መሬት የሚያለብሰውንም በአንድነት ይጠራል። እዚህ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎች በአሜሪካ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ስለሚኖሩ፣ የዚያ አገር ብርድ በስልክም ቢሆን በየቤታችን ይሰማል። ብርዱ የሚገባውም በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የደጋው ገበሬያችን ውርጭን በሚፈራበት ወራት ነው።

በረዶን አስቀድሞ ማወቅ ለምን ያስቸግራል? ዝናቡም በረዶውም ከአንድ ደመና ይወርዳሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከደመናው እስከ ምድር ያለው አየር ሙቀት ነው። የበረዶው ቅንጣት ሲወርድ ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለ የሞቀ አየር ካገኘው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ከቀለጠ በኋላ እንደገና ብርድ ካገኘው እንደ ጠጠር ይጠጥራል፤ አለዚያም መሬት ሲነካ የሚረጋ፣ መንገዱን እንደ መስታወት የሚያሟልጭ ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ልዩነት መላውን ትንበያ ይለውጠዋል። በተለይ በብርዱ ወራት መግቢያ ባሕሩ የሞቃቱን ወራት ሙቀት ገና ይዞ፣ መሬቱም ሳይቀዘቅዝ ስለሚቆይ፣ አየሩ በዚያች የዜሮ ዲግሪ ድንበር ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። መጠኑም እንዲሁ ያስቸግራል። አንድ ሴንቲሜትር ውኃ በአማካይ አሥር ሴንቲሜትር ያህል በረዶ ይሆናል ይባላል፤ ነገር ግን በረዶው እርጥብ ሲሆን ወደ አምስት ዝቅ፣ ደረቅና ቀላል ሲሆን ወደ ሃያ ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ ላይ ማዕበሉ ከታሰበለት መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ፈቀቅ ካለ፣ በረዶው የሚጠብቀውን ከተማ ትቶ ያልተዘጋጀውን ይመታል።

መሣሪያ ቢሻሻልም ይህ ችግር ፈጽሞ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ሊቅ በኮምፒዩተር ሲያሰላ፣ 0.506127 የሚለውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባው። ስሌቱ በመጀመሪያ ከቀድሞው ጋር ተመሳስሎ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ። በመነሻው ላይ ያለች እጅግ ጥቃቅን ጉድለት ከቀናት በኋላ ትልቅ ልዩነት እንደምታመጣ ከዚህ ታወቀ። የዓለሙን አየር ሁሉ ያለ አንዳች ጉድለት ሊለካ የሚችል ሰው ስለሌለ፣ የሰው ትንበያ ምንጊዜም ወሰን አለው።

የዋሽንግተን ከተማ የዚህን ወሰን ሁለት ገጽታዎች አይታለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1987 የተጠበቀው በረዶ ጥቂት ነበር። የወረደው ግን በከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲለካ 29 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ፤ ለዚያ ወር እጅግ ያልተለመደ ነውና ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ መንገድ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2013 ደግሞ ብዙ በረዶ ይወርዳል ተብሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በከተማይቱ የወረደው አብዛኛው ዝናብ ሲሆን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው በረዶ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ማዕበሉ አልቀረም፤ ከከተማይቱ በስተምዕራብ ባሉት የቨርጂኒያ ከፍተኛ ቦታዎች ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ጥሏል። በከተማው ላይ ያለው አየር ግን የተፈለገውን ያህል አልቀዘቀዘም ነበር። ፊተኛው አደጋን አሳንሶ የማየት፣ ኋለኛው አግንኖ የማየት ስሕተት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ተንባዮች ዋሽተዋልን? ቅዱስ አውጉስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሰት፣ ሐሰት የሆነውን ነገር እውነት ነው ብሎ አምኖ የተናገረ ሰው ይሳሳታል እንጂ አይዋሽም፤ እውነት የሆነውን ነገር ሐሰት ነው ብሎ እያሰበ የተናገረው ግን በልቡ ዋሽቷል ሲል ለይቶ አስተምሯል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ስለ ወደፊቱ ነገር ዕውቀት ሲጽፍ፣ እንደ ግርዶሽ ያለው ከምክንያቱ በርግጠኝነት ሊታወቅ እንደሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን አልፎ አልፎ የሚቀረው ነገር በግምት ብቻ እንደሚታወቅ አስረድቷል። ለዚህ ለሁለተኛው የሰጣቸው ምሳሌዎችም ዝናብና ድርቅ፣ ጤናና ሞት ናቸው። ስለሆነም ግምቱን በቅንነት የተናገረ ሰው ነገሩ ሳይሆን ቢቀር ከሳሽ ሊነሣበት አይገባም።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ሊያሳስተን እንደሚችል ልብ እንበል። «ትንበያ» የምንለው ቃል «ትንቢት» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ትንቢት ከላይ ለተላከ ሰው የተሰጠ ቃል ነው፤ ትንበያ ግን የለካና ያሰላ ሰው ግምት ነው። ሰሚው ሁለቱን ሲያደባልቅ ከሰው የማይገኘውን ርግጠኝነት ይሻል፤ ተናጋሪውም ሲያደባልቃቸው ያልተሰጠውን ሥልጣን ይለብሳል።

ተንባዩ ከስሕተት በደል ነጻ ነው ስንል ግን ከዕዳ ሁሉ ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ያወቀውን ብቻ ሳይሆን የሚያውቅበትንም መጠን ለሰሚው መንገር አለበት። «ሳይሆን አይቀርም» ማለት የሚገባውን «ይሆናል» ብሎ የተናገረ ሰው፣ ነገሩ እንዳለው ቢሆንለት እንኳ ከሚያውቀው በላይ መናገሩ አይቀርለትም። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን መጠኑን መደበቅ ለበጎ ሲመስል ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በኒውዮርክ የሆነው ለዚህ ምሳሌ ነው። ለከተማይቱ ግማሽ ሜትር የሚደርስ በረዶ ተተንብዮ ነበር። ማዕበሉ ሊገባ ሲል፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶው ከዝናብና ከጠጠር ጋር ሊደባለቅና መጠኑ ሊያንስ እንደሚችል አዲሱ ስሌት አመለከተ። የአገሪቱ የአየር ጠባይ አገልግሎት ባለሙያዎች ተመካክረው የቀድሞውን ትንበያ እጅግ ላለመቀነስ ወሰኑ፤ ቁጥሩ በድንገት ቢወርድ ሕዝቡ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል ብለው ሰጉ። በማግስቱ በከተማይቱ መናፈሻ የተለካው በረዶ 19 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ። አገልግሎቱም ውሳኔውን በይፋ ገልጾ ተከላከለለት።

እነዚህን ሰዎች በችኮላ ልንኰንን አይገባም። ያሰቡት የሰውን ሕይወት ነው፤ ከዝናብ የተደባለቀ በረዶም በመንገድ ላይ እጅግ አደገኛ ነው። ደግሞም በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ወሬ ሰሚን እንደሚያደናግር እናውቃለን። ሆኖም ሁለት ነገሮችን በሌላው የሚዛን ወገን እናስቀምጥ። አንደኛው እምነት ነው። አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። ለበጎ ተብሎ የተጋነነ ማስጠንቀቂያም እንዲሁ እያደር ይቀላል፤ ዛሬ የዳነው ሰው ነገ እውነተኛው አደጋ ሲነገረው «ያን ጊዜም እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው፣ የተጋነነ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። ከተማው በተዘጋ ቀን ደመወዝተኛው በቤቱ ዐርፎ ደመወዙን ያገኛል፤ በሰዓት የሚከፈለው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ምግብ ቤት የሚያጥበው ግን የቀኑን እንጀራ ያጣል። ከስደተኛው ወገናችን ስንቱ በዚህ ዓይነት ሥራ እንደሚኖር እናውቃለን። በአንጻሩ አደጋው ተቃልሎ ሲነገር መንገድ ላይ የሚቀረውም፣ መጠለያ አጥቶ በብርድ የሚያድረውም ብዙውን ጊዜ ያው ድኻው ነው። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ስሕተቱን የሚከፍለው ደካማው ከሆነ፣ ለእርሱ የሚገባው ቃል በሌላ ሰው ምክር ያልተቀነሰና ያልተጨመረበት እውነት ነው። በእኛ አስተያየት «በረዶው ከጠበቅነው ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን ከዝናብ ተደባልቆ መንገዱን ስለሚያሟልጭ አትውጡ» ማለት ይቻል ነበር። ይህ ቃል ሕይወትንም እውነትንም ይጠብቃል።

ዕዳው በተናጋሪው ላይ ብቻ አይቀርም። ሰሚውም የድርሻው አለው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ የትንበያ ማዕከላት አንዱን ስሌት በመነሻው ላይ ጥቂት እየለወጡ ደጋግመው ያሰሉታል፤ ከብዙዎቹ ስሌቶች ስንቱ በረዶ እንዳሳየ ቆጥረውም ዕድሉን በመቶኛ ይናገራሉ። «30 በመቶ» ማለት እንዲህ ካሉ አሥር ቀኖች በሦስቱ ያህል ይጥላል ማለት ነው። እንግዲህ ባይጥል ትንበያው ሐሰት አልሆነም፤ ቢጥልም እንዲሁ። ሰሚው ይህን መሸከም አቅቶት «በአንድ ቃል ንገሩኝ፤ ይጥላል ወይስ አይጥልም?» ብሎ ሲያስጨንቅ፣ ተንባዩን ወደ ድፍረት ይገፋዋል። በሳተም ጊዜ ሲዘልፈው፣ ለከርሞ ነቀፋን ሽሽት እንዲያጋንን ያስተምረዋል። ስለዚህ ያልተመጠነ ንግግር ብዙ ጊዜ ካልታገሠ ጆሮ ይወለዳል። አስተዋይ ሰሚ የዕድሉን መጠን ከጉዳቱ መጠን ጋር አመዛዝኖ ይዘጋጃል፤ ዕድሉ ጥቂት ቢሆንም ጉዳቱ ሕይወት የሚያሳጣ ከሆነ ብርድ ልብሱን ያወጣል፣ ጎረቤቱ ያለችውን አሮጊት ይጠይቃል። ቅዱስ ቶማስ አስቀድሞ ማየትንና ጥንቃቄን ከአስተዋይነት ክፍሎች የቈጠራቸው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ በአገራችንም አለ። የአገራችን የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የበልግንና የክረምትን ዝናብ ሲተነብዩ፣ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ለሚሉት ክፍሎች የየራሳቸውን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣሉ። ቃሉ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መቶኛው በመንገድ ሊወድቅና «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ተባለ» የሚለው ብቻ ለገበሬው ሊደርስ ይችላል። ውርጭም እንዲሁ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ በአንድ መንደር የረባዳው እህል ተመትቶ የተዳፋቱ ሊተርፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ወሬ የምናደርስ ሰዎች ሁሉ፣ በየመንደሩ ያሉ መምህራንና ካቴኪስቶችም ጭምር፣ ከቃሉ ጋር መጠኑን ማድረስ ይገባናል። እንደዚሁም ተማሪ የጠየቀንን ሳናውቅ «እንዲህ ነው» ከማለት «ይህን ያህሉን አውቃለሁ፣ ከዚህ ያለፈውን ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት መምህርን አያሳንሰውም።

በመጨረሻም ነቢዩ ዮናስን እናስብ። ነነዌ በአርባ ቀን ትጠፋለች ብሎ ሰበከ፤ ከተማይቱ ንስሐ ገብታ ዳነች፤ እርሱም እጅግ አዘነ። በረዶ በንስሐ አይመለስም፤ ሆኖም የዮናስ ፈተና ለተንባዩ ሁሉ ይመጣል። ያስጠነቀቀው ክፉ ነገር ሳይሆን ሲቀር ስሙ የወደቀበት መስሎት ያዝናል፣ ወይም ሰው ስለ ዳነ ደስ ይለዋል። ስለ ነገ በቅንነት የሚናገር ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ ቢሳሳትም ነገ የሚሰማው አያጣም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።