ለፈተና ብቻ

በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪም አንድ ሁለት የሳይንስ ኮርስ ይወስዳል። ከወጣቶች ኅብረታችን አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ የሥነ ፈለክ መግቢያን መረጠ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠብቆኝ፣ «መምህር፣ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል ተባልን። ፈተናው ላይ ምን ልጻፍ?» አለኝ። ቸኩዬ ነበርና፣ «ለፈተና ብቻ ጻፈው፤ በልብህ ያለውን አንተ ታውቃለህ» ብዬው ሄድኩ።

ያ መልስ ይቆጨኛል። የልጁ ጥያቄ ስለ ከዋክብት ብቻ አልነበረም፤ አማኝ ከእውነት ጋር እንዴት ይኑር የሚል ነበር። እኔ ግን ለክፍል አንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ ምላስ እንዲኖረው መከርኩት።

ዮሐንስ ኬፕለር በቱቢንገን ሥነ መለኮት የተማረ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን ያሰበ ሰው ነበር። በዘመኑ ክብ ፍጹም ቅርጽ ስለሆነ ለሰማይ የሚገባው እርሱ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኬፕለር የማርስን መንገድ በክብ አስልቶ ከቲኮ ብራሄ ልኬቶች ጋር ሲያስተያየው ጥቂት ልዩነት አገኘ፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ብቻ። «ምንም አይደል» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ብራሄን የመሰለ ትጉ ተመልካች የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በምስጋና ልንቀበለው ይገባል ብሎ የዓመታት ድካሙን ትቶ እንደገና ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ መንገዱ ሞላላ መሆኑን አሳየ።

ወጣቶች ሆይ፣ ኬፕለር ክቡን ሲጥል እግዚአብሔርን አልጣለም። የጣለው «እግዚአብሔር እንዲህ ማድረግ ነበረበት» የሚለውን የሰው ግምት ነው። የኦሪት ዘፍጥረትን ቀናት አማኞች በተለያየ መንገድ ይረዳሉ፤ እኔም የሁሉም መልስ የለኝም። ነገር ግን ልኬትን እንዳላዩ ማለፍ እምነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የእውነት አምላክ በእኛ ማስመሰል አይጠበቅም።

ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ልኬቱ እንዴት እንደተገኘ ተማር። ያሳመነህን በሙሉ ልብህ ጻፍ፤ ያላሳመነህን በክፍል ውስጥ በግልጽ ጠይቅ፤ ያልተፈታልህን ይዘህ ጸልይ» አልኩት።

«እሺ፤ ግን እርስዎም አብረውኝ ይማሩ» አለኝ።

አሁን ሐሙስ ማታ መጽሐፉን አብረን እናነባለን። የአንድሮሜዳ ርቀት የተለካባቸው፣ ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብት ላይ ደርሰናል። ከመጀመራችን በፊት እንጸልያለን፤ ከጨረስን በኋላም።