ስለ ሥራ ትምህርት ጕዞና ስለ ዘመድ ጥየቃ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይህ ስፍራ የእጅ ሥራ መማሪያ ነበረ። ከስዊስ አገር፥ ከቅድስት ክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት የመጡ ሠራተኞች፥ እነ ዋልድማየር፥ ሳልሙለር፥ ቤንደርና ማየር በዚያ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ የአገራችን ወጣቶችም ከጎናቸው ቆመው ጥበብን ይማሩ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የመጡት በእጃቸው ሥራ እያገለገሉ ወንጌልን ለማስተማር ነበር፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። በ1867፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ በጋፋት ቀልጦ ተሠራ። ብዙ ሕዝብ እየጎተተ ተራራውንና ገደሉን አሻግሮ እስከ መቅደላ አደረሰው። ነገር ግን ያ ኹሉ ድካም ንጉሡን አላዳናቸውም፤ በሚያዝያ 1868 በዚያው በመቅደላ ሞቱ። መድፉም እስከ ዛሬ በዚያ ተራራ ላይ ቀርቷል። እንግዲህ እጅ ጥበብን መማሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚማር ሰው ለማን እንደሚማር ሊያውቅ ይገባዋል።

በዚያው ዘመን ሌላም የምንማርበት ነገር ኾኗል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ፍላድ የተባለውን የወንጌል መምህር ከእንግሊዝ አገር ሠራተኞች እንዲያስመጣላቸው ደብዳቤ ሰጥተው ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ ግን በመያዣነት በአገራችን ቀሩ። ፍላድም ባሕር ተሻግሮ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ መልእክቱንም አደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ የያዘው መልስ ንጉሡን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ንጉሡ ያሰሯቸውን ሰዎች ካልለቀቁ ሠራተኞቹ አይመጡም የሚል ነበርና። እርሱ ግን በአውሮፓ በደኅና መቅረት ሲችል ተመለሰ፤ የሚያስፈራውንም መልስ አልሸሸገም። ለቤተሰቡ ሲል መልእክቱን አላጣመመም፤ ለራሱ ደኅንነት ሲልም ቤተሰቡን አልተወም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የእኛ ጕዞ እንደዚያ የከበደ አይደለም፤ ፈተናው ግን ይመሳሰላል። ዛሬ መምህሩ፥ የጤና ሠራተኛው፥ የጽሕፈት ቤት ሹሙ፥ የብረት ሠራተኛው ለዐሥር ቀን ወይም ለአንድ ወር ሥልጠና ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። በዚያም ከተማ ያሳደገችው አክስቱ አለች፤ አብሮት የተማረ ባልንጀራው አለ፤ ምናልባትም ከተቀያየሙ ብዙ ዓመት የኾናቸው ወንድሙ ይኖራል። እንዲህ ያለ መንገደኛ ኹለት ዕዳ ተሸክሞ ይኼዳል፤ አንዱ የላከው ሥራ ዕዳ ነው፤ ኹለተኛው የሥጋ ዘመዱና የወዳጁ ዕዳ ነው።

ከዚህ የተነሣ ኹለት ስሕተት ይታያል። አንዳንዱ በመዝገብ ላይ ስሙን ይፈርምና ትምህርቱን ትቶ ወደ ዘመዶቹ ቤት ይኼዳል። ቡናው ሲፈላ፥ ጨዋታው ሲደራ ይውላል፤ አበሉን ግን ሳያጐድል ይቀበላል። ይህን ሰው ሌባ ብትሉት ይቈጣል፤ እኔ ዘመድ ጠየቅኹ እንጂ ምን ሰረቅኹ ይላል። ነገር ግን ሳይማር ሲመለስ፥ በደንብ መርፌ መውጋት ያልተማረለት በሽተኛ፥ በቅጡ የሚያስተምረው ያጣ ሕፃን ይጐዳል። የሰረቀው ከእነዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ ለሥራ ነው የመጣኹት፥ ጊዜ የለኝም እያለ የአክስቱን ደጅ ሳይረግጥ ይመለሳል። ማታ ማታ ግን ከአዳዲስ ጓደኞቹ ጋራ ሲዝናና ያመሻል። ጌታችን ገንዘቤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቍርባን ነው እያሉ አባታቸውንና እናታቸውን ከመርዳት የሚሸሹትን ሰዎች ገሥጿቸዋል። ቍርባን እንኳ ወላጅን ለመተው ምክንያት ካልኾነ፥ ሥልጠና እንዴት ምክንያት ይኾናል? አሮጊቲቱ ልጃችን ከተማችን መጥቶ ሳያየን ኼደ የሚል ወሬ ከጎረቤት ስትሰማ ልቧ እንዴት ይቈስል?

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የትምህርቱን ሰዓት ለትምህርቱ እንስጥ፤ መምህሩ ሳይወጣ አንውጣ። ምሽቱንና ሰንበትን ለዘመድ እናድርግ። ስንኼድም አስቀድመን እንላክ፤ ድንገት ደርሰን የድኻ ቤት አናስጨንቅ። ባለጠጋውን ዘመድ ብቻ አንፈልግ፤ በጠባብ ቤት የሚኖረውን፥ የታመመውን፥ ሰው የረሳውን እንጠይቅ። በቤታቸው ተቀምጠን ስለ ራሳችን ሹመትና ትምህርት ብቻ አናውራ፤ የእነርሱንም ነገር እንስማ። የተቀያየምነው ወንድም ቢኖር ደጁን አንለፈው። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ ይታረቅ ዘንድ ሰውን አዝዟልና፤ ማን ቀድሞ በደለ ብለን ሒሳብ ስንቈጥር አንዳችን ሳንታረቅ እንሞት ይኾናል።

ከተመለስንም በኋላ የተማርነውን በሣጥን አንቈልፍበት። እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ ይሠራ ዘንድ ባስልኤልን በጥበብ ሲሞላው፥ ሌሎችን ያስተምር ዘንድ ደግሞ በልቡ አኑሮለታል። ሥልጠና ያልሰሙት ባልደረቦቻችን ከእኛ ይጠብቃሉ፤ የምስክር ወረቀቱን በግድግዳ ሰቅሎ ዕውቀቱን መሸሸግ ንፉግነት ነው።

ሥራና ዘመድ ይጣላሉ የሚል ሰው ቢኖር ወደ ቀራንዮ ይመልከት። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሥራ ኹሉ የሚበልጠውን የመድኀኒታችንን ሥራ በሚፈጽምበት ሰዓት፥ በመስቀል ላይ ተቸንክሮ ሳለ፥ እናቱን አልረሳም፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት። ስለ እናቱ ሲል ከመስቀል አልወረደም፤ ስለ መስቀሉም ሲል እናቱን አልዘነጋም። የክርስቲያን መንገድ ይህ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ ነገ ለትምህርት የምትነሣ ብትኾን ጓዝህን ስትሸክፍ ደብተርህን አትርሳ፤ ከደብተርህም ጋራ የምትጠይቃቸውን ሰዎች ስም ጽፈህ ያዝ። ከስሙ ኹሉ በላይ ልትጽፈው የከበደህን ስም አስቀድም። የሰላም አምላክ መውጫህንና መግቢያህን ይጠብቅ፤ አሜን።