ቃልና መልሕቅ

ሰው ቃል በሚሰጥበት ጊዜ መመዘን የሚገባው ያለበትን ሰዓት ነውን፤ ወይስ የሚመጣውን? ነገሩን በባሕረኞች ሥራ እንመርምረው።

በእንግሊዝ አገር፥ በኮርንዎል፥ ሄልፎርድ የሚባለው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፥ ዛፍ ከነፋስ የሚከልላቸው፥ ወደ የብስ ገባ ያሉ ጸጥተኛ የውሃ ጥጎች አሉ። ባለሸራ ጀልባውን በዚያ የሚያሳድር ብልህ ባሕረኛ በውሃው ጸጥታ አይታለልም። ባሕሩ 6 ሰዓት ያህል ይሞላል፤ 6 ሰዓት ያህል ይጎድላል፤ ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን ልዩነቱ ከ4 ሜትር ያልፋል። በጎደለ ሰዓት መልሕቁን 3 ሜትር ጥልቀት ላይ የጣለ ሰው፥ የጥልቀቱን አራት እጥፍ፥ ማለት 12 ሜትር ሰንሰለት ቢለቅ፥ የበቃው ይመስለዋል። ውሃው ከ7 ሜትር ባለፈ ጊዜ ግን ያው ሰንሰለት የጥልቀቱን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሆንም፤ መልሕቁን በአግድም መሳቡን ትቶ ሽቅብ ይነቅለዋል። ጀልባይቱም ባለቤቷ እንደ ተኛ ሄዳ የጎረቤቷን ጀልባ ትመታለች።

እንግዲህ «ጊዜው ተለወጠ» ብሎ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ይቅርታ ይገባዋልን? ያልታሰበ ዐውሎ የመታው እንደ ሆነ ልናዝንለት ይገባናል። የባሕር ሙላት ግን በየቀኑ የሚመላለስ ነው፤ እንደዚሁም ድካም፥ ችግርና የጥቅም ፈተና ለሰው ልጅ እንግዳ አይደሉም። ሹም ሲምል፥ መምህርም ልጆችን ሲረከብ እነዚህ እንደሚመጡ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ ቢነቀል ጥፋቱ በጎደለ ሰዓት የለካው ሰው ነው እንጂ የባሕሩ አይደለም።

በቂ ሰንሰለት የሌለው ባሕረኛ በዚያ ስፍራ መልሕቅ አይጥልም። እኛም የማንፈጽመውን ቃል አለመስጠታችን ነውር አይሆንብንም።