ከየት መጡ?

እውነት ነው ብለን ለምናምነው ነገር ስንሟገት ከምናውቀው በላይ ብንናገር ውሸት ይሆናልን? ወዳጆች፣ እኔ ይሆናል እላለሁ። ምሳሌዬን ከሰማይ ላምጣ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ በዋሽንግተንና በሉዊዚያና ግዛቶች የተተከሉት የላይጎ መሣሪያዎች ከሰከንድ ያነሰ የስበት ሞገድ መዘገቡ። ብላክ ሆል የሚባሉ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣ አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ ሌላው 29 እጥፍ የሚመዝኑ፣ ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተዋሕደው ነበር።

መዋሐዳቸው ተረጋገጠ። እንዴት ጥንድ ሆኑ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በአንደኛው መልስ መሠረት አብረው የተወለዱ ሁለት ግዙፍ ኮከቦች ነበሩ፤ ተራ በተራ ሲሞቱም አልተለያዩም። በሌላው መሠረት ለየብቻቸው ተፈጥረው፣ ኮከቦች እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ በሚተራመሱበት ስፍራ ተገናኙ። ፍንጩ ያለው በእሽክርክሪታቸው ነው። አብሮ አደጎች ከሆኑ እያንዳንዱ በራሱ ዛቢያ የሚሾርበት አቅጣጫ ሁለቱ እርስ በርስ ከሚዞሩበት ጋር ይቀራረባል፤ መንገድ ላይ የተገናኙ ከሆኑ አቅጣጫው እንደ ሆነለት ነው። ይህን ከምድር ሆኖ መለካት ግን እጅግ አዳጋች ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2019 የተመዘገበው ውሕደት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ከሁለቱ ከባዱ የፀሐይን 85 እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። በተለመደው ስሌት፣ ያን የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ ይተዋል የሚባለው ኮከብ ሲሞት ፈንድቶ ይበተናል እንጂ ምንም አይተውም። ስለዚህ፣ ይህ ጥቁር ጉድጓድ ራሱ ከቀደመ ውሕደት የተገኘ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። «ሳይሆን አይቀርም» ነው የተባለው፤ «ነው» አልተባለም።

ይህን አነጋገር እወደዋለሁ። በወጣት ኅብረቶቻችን ግን አንዳንዴ «ሳይንስ እዚህ ላይ መልስ የለውም፤ እንግዲህ እግዚአብሔር አለ» ሲባል እንሰማለን። ለጌታ የተሟገትን ይመስለናል፤ ያስቀመጥነው ግን ነገ ሊሞላ በሚችል ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱ በተሞላ ቀን፣ እምነቱን በእኛ ክርክር ላይ ያቆመው ታናሽ ወንድማችን ወዴት ይሂድ? «ሳይንስ ሁሉን ደርሶበታል» የሚለው የክፍል ጓደኛችንም ከዚህ አይሻልም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንዲህ አላሉምና።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውሕደቶች ተመዝግበዋል። ብዙ ተመራማሪዎች አሁን ሁለቱም መንገዶች ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም ይላሉ፤ የሚፈልጉት የየትኛው ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው።