ለሁሉም እኩል

በዴንማርክ፣ በዩትላንድ፣ አሳማ የሚያረባ አንድ ገበሬ ነበር። ጊዜው የአገሩ መንግሥት አንቲባዮቲክ ለሚያበዙ እርባታዎች ቢጫ ካርድ መስጠት ከመጀመሩ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት ነው።

ብርዱ ሲገባ ገበሬው ሙቀት እንዳያመልጥበት የበረቱን የአየር መውጫ ደፈነ። ከሽንቱ የሚነሣው አሞኒያ ዓይን ያቃጥል ጀመር፤ ሰነባብቶም ሳል ተሰማ፤ የሚሞቱም ነበሩ። ገበሬው ደግ ሰው ነበርና “አንዱም አይቅርበት፤ ለሁሉም እኩል ይድረስ” ብሎ ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ከመኖ ቀላቅሎ በየገንዳው አፈሰሰ። እኔ በዚህ አልፈርድበትም፤ እኩል ማዳረስን ማን ይጠላል?

ሞቱ ግን አልቆመም። በዓመቱ ሳሉ ሲመለስ እሱም ወደ መድኃኒቱ ከረጢት ተመለሰ። በሦስተኛው ዓመት መድኃኒቱ ጭራሽ አልሠራ አለ።

አንድ ማለዳ ሴት ልጁ ገንዳው ዳር ቆማ አየች። ጤነኞቹ ተጋፍተው ደረሱ፤ ብርቱው የሌላውንም ድርሻ ጠቀለለ። ትኩሳቱ 41 ዲግሪ የደረሰው፣ እንደ ውሻ በቂጡ ተቀምጦ በሆዱ የሚተነፍሰው ግን ከጥጉ ንቅንቅ አላለም። ሳንባው የታመመ አሳማ መኖ አያሰኘውም።

“አባባ፣ መድኃኒቱን የሚበሉት ያልታመሙት ናቸው” አለችው።

ተቆጣ። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ግን ከሞተ አሳማ ሳንባ ናሙና ወስዳ አስመረመረች። የተገኘው ባክቴሪያ፣ አክቲኖባሲለስ ፕለሮኒሞኒዬ፣ ቴትራሳይክሊንን የተላመደ ነበር። በየዓመቱ ደካማው ባክቴሪያ ሲሞት መድኃኒቱን የቻለው ተርፎ ተራብቷል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በዛ። ልጅቷ ጠዋት ማታ በየጋጡ እየገባች ያልበላውን ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ጀርባውን በቀለም ምልክት አድርጋ፣ ሐኪሟ በምርመራው መሠረት ያዘዘችውን ሌላ መድኃኒት በመርፌ ትወጋዋለች። የአየር መውጫው ተከፈተ፤ የማሞቂያው ወጪም ጨመረ። ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ማደባለቅ ቀረ። አንዱ ምድብ ተሸጦ ሲያልቅ ጋጡ ታጥቦ ካልደረቀ ሌላ አይገባበትም። ያም ሆኖ የሞቱ ነበሩ፤ ሳሉ ግን ከዓመት ዓመት ቀነሰ።

አንድ ቀን ጎረቤቱ መጣ። “የእኔዎቹ ማሳል ጀምረዋል። የተረፈህ ከረጢት ካለ ስጠኝ፤ በመኖው ልደባልቅላቸው።”

“የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጥህም” አለ ገበሬው። ቦት ጫማውን አጥልቆ የምልክት ማድረጊያውን ቀለም አነሣ። “ና፣ መኖ በምትሰጥበት ሰዓት አብረን ቆመን እንይ።”

“ስንቱን ልናይ ነው? ብዙ ናቸው እኮ!”

“የማይበላውን ብቻ።”